የታዎ ባትሪ እና የባዎገን እጅ

በታይ ሐይቅ ዳር ባለችው በዚያች ከተማ ባትሪ የገዛ ሰው ዕቃውን ቤቱ ከማስገባቱ በፊት ባዎገን ሱቅ ጎራ ማለት ልማዱ ነበር። ባዎገን ሲጋራውን ከንፈሩ ጥግ ላይ እንዳጣበቀ ባትሪውን በቀኝ እጁ አንጠልጥሎ ከፍ ዝቅ ያደርገውና ፍርዱን ይሰጣል። «እርሳሱ ሙሉ ነው፤ አትስጋ።» አለዚያም፣ «ሆዱ ባዶ ነው፤ ውሰድና ፊቱ ላይ ወርውርለት። ማን ነገረህ ካለህ ባዎገን ነው በለው።» አገሩ የባትሪ አገር ነው። ግማሹ ሰው ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል፣ ግማሹ ሸጧል፣ የቀረው ደግሞ ተታሏል፤ ሦስቱንም የሆነ አይጠፋም። አጭበርባሪ ባትሪ ሲሠራ የሚቀንሰው እርሳሱን ስለሆነ፣ ቀላል ባትሪ የሌባ ባትሪ ነው የሚለው ሕግ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው። ባዎገንም ዕድሜውን ሙሉ የተከበረው በዚህ ሕግና በቀኝ እጁ ነው።

ግራፊን የሚለውን ቃል ሲሰማ ግን ፊቱ ይጠቁር ነበር። ቃሉ ወደ ከተማዋ መጀመሪያ የገባው በወገብ መቀነት ነው። ያሞቃል ተባለ። ቀጥሎ የግራፊን ካልሲ፣ የግራፊን ትራስ፣ ይባስ ብሎ የግራፊን የውስጥ ሱሪ መጣ። ሚስቱ ሜይዲ የግራፊን የጉልበት ማሰሪያ ገዝታ ክረምቱን ሙሉ አስራው ከረመች፤ ጉልበቷ ግን ምን እንደታሰረበት እንኳ ያወቀ አይመስልም ነበር። በመጨረሻ ክራባት ያሰረ ወኪል፣ ጥቁር ላይ በወርቅማ ፊደል ግራፊን ተብሎ የተጻፈበት ባትሪ ይዞ ሱቁ መጣ።

«የከሰል ዘመድ ነው፣» አለ ወኪሉ፤ «ተልጦ ተልጦ ከዚያ ወዲያ መላጥ እስኪያቅት የሳሳ። ከብረት ይጠነክራል፣ ኤሌክትሪክን እንደ ውሃ ያሳልፋል። ሻይዎን ጠጥተው ሳይጨርሱ ባትሪዎ ሞልቶ ይጠብቅዎታል።»

ባዎገን አነሳው። ከበደው። እጁ ስላመነ እሱ አመነ፣ እሱ ስላመነ ሰፈሩ አመነ። ብርድ ሲገባ ባትሪዎቹ ተራ በተራ ሞቱ። ዓሣ ሻጯ መበለት በዝናብ፣ በሐይቁ ግድብ ላይ ስኩተሯን እየገፋች፣ ስሙን እየጠራች ስትረግመው በገዛ ጆሮው ሰማ። ከፍቶ ሲያያቸው ውስጣቸው ያው የድሮው እርሳስ ነው፤ ግራፊን የተባለው ወጥ ላይ ከሚነሰነስ ጨው ያነሰ ጥቁር ዱቄት። ሁሉንም በራሱ ኪሳራ ለወጠላቸው። ታዲያ እጁ ተሳስቷል ማለት ነው? ይህን ጥያቄ ባዎገን ለራሱ አንስቶ አያውቅም። በእሱ ቤት የተሳሳተው ግራፊን ነው። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ፣ ወተቷንም ያየ የለም።

እንግዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ አንድያ ልጁ ጻይዌይ የምታገባውን ሰው ልታመጣ መሆኑን ስትነግረው መጀመሪያ የጠየቃት ስለ ሥራው ነበር።

«ባትሪ ላይ ነው የሚሠራው። ተመራማሪ ነው፣» አለችው።

«ደግ። የምን ባትሪ?»

ጻይዌይ ወደ እናቷ ዞር አለች። እናቷ ወደ ድስቱ ዞረች።

«ግራፊን የሚገባበት።»

«ሜይዲ!» አለ ባዎገን ወደ ጓዳ እየጮኸ። «ያን የጉልበት ማሰሪያሽን ፈልጊ! ሠሪው ሊጠይቅሽ ሊመጣ ነው!»

«አባዬ፣ አታሹፍ። ካልሲ ሻጭ አይደለም።»

«ካልሲ ሻጩስ በስንት ጣዕሙ! ቢያንስ ካልሲውን በእጄ ይሰጠኛል። የአንቺው የሚሸጠው ምንድን ነው? ወሬ።»

«ይምጣና እየው።»

«አየዋለሁ እንጂ። ዓይኔ ሌላ ምን ሥራ አለው።»

ሹፈቱ ከላይ ነው። ከሥሩ ፍርሃት ነበረበት። ጻይዌይ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደም የምትመረምር፣ ለሰው ቶሎ የማትነጠፍ ልጅ ናት፤ አንዴ ከተነጠፈች ግን ተነጠፈች ነው። ባዎገን የፈራው ልጁ እንደዚያች መበለት በዝናብ መሐል መንገድ ላይ እንዳትቀር ነው፤ ያውም በእሱ ምርቃት። ከዚህ የባሰ ነገር አይታየውም ነበር።

ታዎ ሸንግ የቀርከሃ ቡቃያ በሚወጣበት ሰሞን መጣ። ከሰሜን ምዕራብ ከጋንሱ ግዛት የመጣ ቀጭን ልጅ ነው፤ መነጽሩ በላብ እየተንሸራተተ ያስቸግረዋል። ወጉን ጠብቆ ጥንድ የአረቄ ጠርሙስና አንድ የደረቀ የአሳማ እግር ይዟል። ከዚያ በላይ ግን በሰማያዊ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በደረቱ አቅፎ ነበር።

«ይሄ ለአክስቴ ነው፣» አለ ወደ ሜይዲ እያየ፣ ጨርቁን እየፈታ። «ባለ ሦስት ጎማ የኤሌክትሪክ ጋሪዋ ድልድዩ ላይ ትለግማለች ብላ ጻይዌይ ነግራኝ ነበር። ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ገበያ ላይ ገና አልወጣም።»

ስም የለው፣ ምልክት የለው፣ ግራጫ ሳጥን። ባዎገን እንደ ልማዱ አንጠልጥሎ ከፍ ዝቅ ሊያደርገው ሲል እጁ ብቻውን ወደ ላይ ሄደ። የሊትየም ባትሪ ከእርሳሱ እንደሚቀል ያውቃል፤ እሱንም ለዓመታት ሲያነሳ ኖሯል። ይህ ግን ከዚያም ይቀላል። በሊትየሙም ንግድ ቢሆን አጭበርባሪ አይጠፋም፤ ውስጡ ካሉት ረድፎች ግማሹን ያወጣና ቦታውን በስፖንጅ ይሞላዋል።

«ሌላውስ የት አለ?» አለ ባዎገን።

«የቱ ሌላው፣ አጎቴ?»

«የቀረው ባትሪ።»

ሜይዲ ሳቀች። ታዎ ግን ቀልድ መሆኑ አልገባውም፤ መነጽሩን እየገፋ ስለ ሳጥኑ ውስጥ ብዙ አስረዳ። ባዎገን አንዱንም አልሰማም። በግራ እጁ እያነሳ ደግሞ ይመዝነው ነበር።

«ግራፊኑ ምን ያህል ነው?» ሲል አቋረጠው።

«ትንሽ ነው፣ አጎቴ።»

«ትንሽ ማለት?»

ታዎ ፊቱ ቀላ። «እሱን እንኳ መናገር አልችልም። የድርጅቱ ምስጢር ነው።»

ባዎገን «አዎን፣ አዎን» እያለ ራሱን ነቀነቀ። ልቡ ግን ያዝኩህ አለች።

በዚያ አገር አማች ለመሆን የመጣ ወጣት በስኳር ውሃ የተቀቀለ እንቁላል ከቀረበለት ልጅቷ ተሰጥታዋለች ማለት ነው፤ ሻይ ብቻ ከቀረበለት ጠጥቶ መሄድ ነው። ሜይዲ እንቁላሎቹን አጥባ አስቀምጣ ነበር። ባዎገን ጓዳ ገብቶ፣ «ሻይ፣» አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጁ ምን አደረገህ?»

«ሻይ አልኩሽ።»

ሻይ ቀረበ። ታዎ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀብሎ እስከ ቅጠሉ ጠጣው፣ አመስግኖም ሄደ። የጻይዌይ ጆሮ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር።

እርግጥ ባዎገን ባትሪ መፈተኛ ማሽን ነበረው። ሊሰካው ይችል ነበር። ነገር ግን እነዚያ የወኪሉ ጥቁር ባትሪዎችም በመጀመሪያው ቀን ማሽኑ ላይ ሲሰኩ እንደ ሙሽራ አብረቅርቀው ነበር። የባትሪ ጠባይ በመጀመሪያው ሳምንት አይታወቅም፤ የሰውም እንዲሁ። ስለዚህ ሌላ ነገር አሰበ። ባትሪውን ሳይሆን ልጁን ልፈትን አለ። ግራጫውን ሳጥን ከሥራ ጠረጴዛው ሥር፣ ከአሮጌ ጎማዎች ጀርባ ደበቀውና ለሜይዲ ባለ ሦስት ጎማ ፍጹም አዲስ የእርሳስ ባትሪ ገጠመላት። ለእሷም ምንም አልነገራት። ታዎ ሲመጣ ያላደረገውን እያነሳ ያመሰግነዋል፤ ልጁ አጭበርባሪ ከሆነ ምስጋናውን ሁሉ ይውጠዋል፣ ሐቀኛ ከሆነ «ኧረ ይህማ አይሆንም» ይላል። ባዎገን በዚህ ብልሃቱ በጣም ተደሰተ፤ እንዲያውም ምነው እስከዛሬ ሰውን እንዲህ ሳልፈትን ቀረሁ አለ።

ታዎ እሑድ እሑድ መምጣት ያዘ።

«ባትሪው እንዴት ሆነ፣ አጎቴ?»

«ምን እንዴት ትላለህ! ሜይዲ ድልድዩን እየዘለለች ነው የምታልፈው።»

ታዎ ወለሉን አየ። «ደስ ብሎኛል።»

ሜይዲ በበኩሏ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «እጅህ ይባረክ የኔ ልጅ፣ ገበያ የምደርሰው ከሁሉ ቀድሜ ሆነ» አለችው፤ ከልቧ ነው። አዲስ እርሳስ እንደሆነ በምን ታውቃለች። ታዎ ለእሷም ጎንበስ ብሎ ደስ ብሎኛል አለ። ባዎገን ይህን አይቶ አንጀቱ አረረ። የእርሳስን ምስጋና ሲወስድ አያፍርም!

በሚቀጥለው እሑድ አብልጦ ጨመረ።

«ያን ሁሉ መንገድ ሱጆው ከተማ ድረስ ሄዳ መጣችበት፤ መሐል ላይ ቻርጅ ሳታደርግ።»

ታዎ ሻዩ አነቀው። «ሱጆው?»

«ሱጆው።»

«በዚህች በባለ ሦስት ጎማዋ?»

«በእግሯማ አትሄድም።»

ወጣቱ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ባዎገን አሁን ሊናገር ነው ብሎ ወደፊት ዘመም አለ። ታዎ ግን አፉን መልሶ ዘጋው፣ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

«መንገዱ ጥሩ ነበር?» አለ።

«እንደ መስታወት።»

«ደስ ብሎኛል፣ አጎቴ።»

ከዚህ ወዲያ ለባዎገን ምን ቀረው! ለልጁ ሊነግራት አስቦ ተወው። በጓዳ ቢነግራት ትከራከረዋለች። በጀልባ እሽቅድድሙ በዓል ቀን፣ ሁሉም በተቀመጠበት፣ ዕቃውን ከነአቧራው ፊታቸው ላይ ያስቀምጠዋል። ያኔ ዓይኗ ያያል።

የበዓሉ ቀን ሜይዲ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ የሐይቅ ዓሣና ቢጫ ወይን አሰናዳች። ባሏ ምንም ይበል ምን ዛሬ ለልጁ እንቁላል እቀቅላለሁ ብላ ውሃውን ጥዳለች። ታዎም የበዓሉን ስጦታ ይዞ በሰዓቱ ደረሰ። ባዎገን አንድ ሁለት ጽዋ እስኪጠጣ ድረስ ታገሠ። ከዚያ ተነስቶ ሱቅ ገባ፣ ግራጫውን ሳጥን አውጥቶ መጣና ዓሣውን ገፋ አድርጎ መሐል ጠረጴዛ ላይ አኖረው። አቧራው ዓሣው ላይ ቦነነ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ይሄ ሱጆው ደርሶ የመጣው ባትሪ ነው፣» አለ ባዎገን። «ጎማ ሥር ተኝቶ ነው ሱጆው የደረሰው። እናትሽ የነዳችው በእርሳስ ነው። ይሄ ባለሙያሽ በየሳምንቱ እየመጣ የእርሳሱን ምስጋና ሲበላ ከረመ! አንድ ቀን እንኳ አይሆንም አላለም። አየሽው? ሥራው ይሄ ነው። ያልሠራውን ሠራ ሲሉት ደስ ይለዋል።»

ጓዳ ውስጥ የተጣደው ውሃ ይፈላል።

«ታዎ፣» አለች ጻይዌይ።

ታዎ ሳጥኑ ላይ ያለውን አቧራ በእጁ መዳፍ ቀስ ብሎ እየጠረገ ነበር። «እንዳልተገጠመ አውቃለሁ፣» አለ።

«ምን ታውቃለህ አንተ!» አለ ባዎገን።

«ሙቀቱንና ያለበትን ቦታ ወደ ስልኬ ይልካል፣ አጎቴ። አዲስ ነገር ስለሆነ እንዳይሞቅብዎት ብዬ ነው የገጠምኩበት። የመጣሁ ዕለት ነግሬዎት ነበር።» ስልኩን አውጥቶ ሳያሳይ መልሶ ኪሱ ከተተው። «ካመጣሁት ጀምሮ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

ባዎገን ያን ዕለት ልጁ ብዙ ማውራቱን አስታወሰ፤ ምን እንዳወራ ግን ከየት ያምጣው። ሲመዝን ነበር።

«እና ለምን ደስ ብሎኛል ትላለህ? ለምን አትናገርም?»

«ምን ብዬ?» አለ ታዎ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከረር አለ። «ይዋሻሉ ልበልዎት? በሚስትዎ ፊት? ለመግጠም ፈርተው ይሆናል፣ ለእኔም እንዳይከፋኝ አስበው ይሆናል አልኩ። አንድ እሑድ ራሳቸው ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሱጆው ሲሉኝ…» አለና ተወው።

መጀመሪያ የፈነዳችው ሜይዲ ናት። «እኔስ?» አለች ባሏን። «እኔ በገዛ አፌ እጅህ ይባረክ ስለው! አንተ ቁጭ ብለህ ታየኛለህ! በዚህ ዕድሜዬ መጫወቻ አደረግከኝ?»

«ልጄን ልጠብቅ ብዬ ነው እንጂ…»

«አባዬ፣» አለች ጻይዌይ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሁሉ ባትሪ ይዞ ሲመጣ፣ አባዬ ከባድ ነው ካለ ከባድ ነው፣ ቀላል ነው ካለ ቀላል ነው እያልኩ ነው ያደግኩት። አንድ ቀን ተጠራጥሬህ አላውቅም። አሁን ግን ዝናብ እየጣለ ነው ብትለኝ በመስኮት አያለሁ።» ወደ ታዎ ዞረች። «አንተም ብትሆን። እሱ እንደሚዋሽህ እያወቅህ በየሳምንቱ ፈገግ ስትልለት ከርመህ ለእኔ አንድ ቃል አልነገርከኝም። ነገ እኔን ምን እያወቅህ ፈገግ እንደምትልልኝ በምን ልወቅ? እኔ ሁለታችሁን እስካምን ድረስ የምን ሠርግ ነው።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ታዎ ጎንበስ ብሎ ሜይዲን ተሰናበተና ተከትሏት ሮጠ፤ ከመንገዱ ማዶ ግን ብቻዋን ታክሲ ውስጥ ስትገባ ባዎገን በመስኮት አየ። ጓዳ ውስጥ ውሃው ተንኖ አልቆ ድስቱ አረረ።

ጻይዌይ ሆስፒታሉ ግቢ ካለው የሠራተኞች ማደሪያ ገባች። ስልክ ሲደወልላት ለእናቷ ታነሳለች፤ ለእሱ አታነሳም። ታዎንም አትምጣ እንዳለችው ሜይዲ ነገረችው። እንግዲህ ባዎገን የፈለገው ሆነለት፤ ሠርጉ ቀረ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደስታው ግን የታለ? ሰፈሩ ደግሞ ወሬውን ከየት እንደሰማው እንጃ፣ ባርኔጣውን አዘንብሎ የሚሄድ አንድ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ በሱቁ በር ሲያልፍ፣ «ባዎገን! ሱጆው ስትሄድ እኔንም አሳፍረኝ እንጂ!» ይለዋል። ባትሪ ይዞ የሚመጣው ሰው እንደ ወትሮው ይመጣል። ባዎገን ግን አንስቶ ፍርድ ሲሰጥ ሰውየው ፊቱን ትክ ብሎ የሚያየው እየመሰለው አፉ ይተሳሰራል። በእውነት ይየው አይየው አይታወቅም። ጥርጣሬ አንዴ ቤት ከገባ የባለቤቱን ወንበር ነው የሚይዘው።

«ለታዎ ደውልለት፣» አለችው ሜይዲ። «ይቅርታ ማለት ያንቃል?»

«በስልክ ምን ብዬ? በስልክ የተባለ ሁሉ ውሸት ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ራሴን አላምንም።»

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

ግራጫውን ሳጥን ግቢው መሐል ላይ አውጥቶ ቻርጀሩን ሰካ። ከጎኑ አሸዋ የሞላ ባልዲ አስቀምጦ፣ በርጩማ ስቦ፣ እንደ እስረኛ ጠባቂ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ሜይዲ በመስኮት እያየችው፣ «አንተና ልብህ!» አለችው። ሳጥኑ አልጨሰም፣ አልሞቀም። ባዎገን ይህም አላስደሰተውም፤ ዝም ያለ ነገር ነው ክፉ።

በማግስቱ ጠዋት እርሳሱን አውጥቶ ሳጥኑን ከባለ ሦስት ጎማዋ ወንበር ሥር ገጠመው። መለዋወጫ አልያዘም፤ ይዞ ቢሄድ እዚያ ያለው ልጅ በምን ሊያምነው? የታዎ መኖሪያ ከሐይቁ ማዶ፣ ከሚሠራበት ፋብሪካ ጀርባ ካሉት ሕንፃዎች አንዱ ነው። ባዎገን በግድቡ ላይ ወጣ። የዓሣ ሻጯን መበለት አልፏት ሄደ፤ እሷም ቀና ብላ አየችው። ባለ ሦስት ጎማዋ ከመሬት የተፋታች ይመስል ቀለለች። ሁልጊዜ የምትለግምበት ድልድይ ደረሰ፣ እሷ ግን ሳታቃስት ወጣችው። እዚያ አናቱ ላይ ሲደርስ ባዎገን ፍሬን ያዘ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደሰት ነበር። ባዎገን ግን እንዲህ በቀላሉ የሆነ ነገር ደግ አይመስለውም። ወርዶ ወንበሩን ከፈተ፣ ሳጥኑን ነቅሎ አወጣና በቀኝ እጁ አነሳው። ከበስተኋላው የጭነት መኪና ጥሩምባ ያንባርቅበታል። ያው ቀላል ነው። ውስጡ ባዶ ሆኖ ቢያየው፣ ስፖንጁን ቢያገኘው፣ ሌብነቱን ቢጨብጠው ምንኛ በወደደ! ያኔ እሱ ትክክል ነው፣ ልጁም ትመለሳለች። ከዚያ ደግሞ ጻይዌይ በመስኮት አያለሁ ያለችው ትዝ አለው። ትክክል ቢሆንም ባይሆንም ያ ቃል የትም አይሄድም። ሽማግሌ ሰው ድልድይ ላይ ባትሪ ታቅፎ ሊያለቅስ ጥቂት ቀረው። ሳጥኑን መልሶ ገጠመና ነዳ።

ታዎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በነጠላ ጫማ፣ በካናቴራ፣ ፀጉሩ እንደተኛበት። ስልኩን በእጁ ይዟል።

«ትናንት ቻርጅ ሲደረግ አይቼዋለሁ፣» አለ። «ዛሬ መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን የተሰረቀ መስሎኝ ለፖሊስ ልደውል ነበር። በኋላ መንገዱን ሳየው ወደ እኔ ነው የሚመጣው።» ትንሽ ፈገግ ሊል ፈልጎ ተወው። «ድልድዩ ላይ ቆሙ። ለምን ነው?»

ባዎገን መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ሲጋራ ልለኩስ ማለት ይችላል። ሐይቁን ላይ ብዬ ማለት ይችላል። ማን ያውቅበታል?

«አውጥቼ አነሳሁት፣» አለ። «ሐሰት መሆኑን ባገኘው ብዬ። አሁንም ይቀለኛል። ሠርቷል፣ አድርሶኛል፣ ግን አላመንኩትም።»

ታዎ መነጽሩን ገፋ። «እኔም አላመንኩትም፣ አጎቴ። ባምነው ኖሮ ምን ብዬ ጠባቂ እገጥምበታለሁ?» አለ። «ተአምር አይደለም። ወኪሎቹ ያሉት ሁሉ ውሸት ነው። ትንሽ ይቀላል፣ ትንሽ ቶሎ ይሞላል፤ ብርድ ላይ ምን እንደሚሆን ገና አላወቅነውም።»

«ይሄን ያን ዕለት ብትነግረኝ እኮ!»

«እርስዎም ሱጆውን ባይሉኝ።»

ከዚያ ታዎ ስልኩን አነሳና ደወለ። ጻይዌይ አነሳችለት፤ ለታዎ ማንሳት መጀመሯን ባዎገን አላወቀም ነበር። «አባትሽ እዚህ ናቸው፣» አላትና ስልኩን ሰጠው።

«አባዬ? በምን መጣህ?»

«በእሱ ባትሪ።»

በማዶ የላቦራቶሪው ማሽን ሲሽከረከር ይሰማል።

«ስልኩን ለታዎ መልስለት፣» አለች።

ባዎገን መለሰለት። ታዎ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲሰማ፣ በቀኝ እጁ ግማሽ ከተማ ሲያሳምን የኖረው ሰውዬ ሁለት እጆቹን አንጠልጥሎ፣ ቃሉ እስኪመረመርለት ድረስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ቢሆንም አልሄደም።

«አዎን፣» አለ ታዎ። «እውነታቸውን ነው። እኔው ሳያቸው ነው የመጡት። ድልድዩ ላይ ቆመው ነበር፤ ለምን እንደቆሙም ነግረውኛል። አይ፣ የሚያኮራ ምክንያት አይደለም፤ ስለዚህ እውነት ነው።» ጥቂት አዳመጠና ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ወደ ባዎገን ዞረ።

«ቁርስ በልተዋል ወይ ትላለች።»

«በልቻለሁ በላት።»

ታዎ መልሱን ሳያስተላልፍ ስልኩን ትንሽ ራቅ አደረገው፤ የጻይዌይ ድምፅ ለባዎገንም ተሰማው።

«በልቻለሁ ካለህ አትመነው። አስገባና አብላው፤ እኔም መጣሁ።»